ኬላው ሲዘጋ ማን ያልፋል?

በአፍሪካ አንድ መንግሥት ፀጥታው ሲናጋበት ወይም ከጎረቤቱ ጋር ሲኳረፍ ቶሎ የሚወስደው ርምጃ ድንበር መዝጋት ነው። መግለጫው አጭር ነው፤ ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ሕዝቡም መንግሥት አንድ ነገር እንዳደረገ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ክርክር መልኩ ብዙም አይለያይም። ነጋዴው «ገበያዬ ተዘጋ» ይላል፤ ባለሥልጣኑ «ከንግድ የሕዝብ ደኅንነት ይቀድማል» ብሎ ይመልሳል። አድማጩም ሰላም የሚገኝ ከሆነ ገበያው ለጊዜው ቢጎዳ ምን ይደረግ ብሎ ወደ ባለሥልጣኑ ያዘነብላል። እኔ የማልስማማው ክርክሩ ከሚነሣበት ከዚህ ነጥብ ጋር ነው። ንግድና ፀጥታ በሚዛን ሁለት ጎን ተቀምጠው አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚነሣ ይመስል ነገሩ ተጣሞ ይቀርባል። ናይጄሪያ፣ ኒጀርና ቤኒን ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያሳለፉት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ድንበር ሲዘጋ ቀድሞ የሚጮኸው ነጋዴው ስለሆነ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ይመስላል እንጂ፣ ብዙ የሚከፈልበት ራሱ ፀጥታው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሩዙ ጆንያና የታጣቂው ሞተር ብስክሌት

በጁላይ 2019 የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ሙሐመዱ ቡሃሪ ኒያሜ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የአህጉሪቱን ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ፈረሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 20፣ ናይጄሪያ የየብስ ድንበሮቿን ለሸቀጥ መዝጋት ጀመረች። የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንደኛው በቤኒን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባው ሩዝ የአገሩን ገበሬ እያከሰረ ነው የሚል፣ ሁለተኛው የጦር መሣሪያና የታጣቂ ዝውውርን መግታት። በኖቬምበር ደግሞ የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ከድንበር በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላሉ ነዳጅ ማደያዎች ነዳጅ እንዳይቀርብ አገደ። ርምጃው ለቡሃሪ አዲስ አልነበረም። በወታደራዊ መሪነታቸው ዘመን፣ በ1984፣ ይህንኑ አድርገው ነበር፤ ድንበሩ የተከፈተው እርሳቸው ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ በ1986 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደዚያው መፍትሔ መመለስ የመጀመሪያው አልሠራም ማለት አይደለም ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ይገባ ነበር።

መዝጊያው ዓመት ከሦስት ወር ሲያልፈው፣ በኖቬምበር 28 ቀን 2020፣ በቦርኖ ግዛት ከማይዱጉሪ አቅራቢያ በዛባርማሪ አካባቢ ታጣቂዎች በእርሻ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች አረዱ። ቢያንስ 43 ሰዎች ተቀበሩ። ሟቾቹ ሩዝ የሚያጭዱ ሠራተኞች ነበሩ። ድንበሩ በስማቸው የተዘጋላቸው የናይጄሪያ ሩዝ አምራቾች እነዚህ ናቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 11፣ ከኒጀር ጋር በምትዋሰነው በካትሲና ግዛት፣ ካንካራ በተባለች ከተማ፣ በሞተር ብስክሌት የመጡ ታጣቂዎች ከአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከ300 በላይ ወንድ ተማሪዎችን አግተው ወደ ጫካ ወሰዱ። ካትሲና የፕሬዚዳንቱ የትውልድ ግዛት ናት፤ በዚያው ሳምንት እርሳቸውም እዚያው ነበሩ። ልጆቹ ገና በአጋቾቻቸው እጅ ሳሉ፣ በዲሴምበር 16፣ መንግሥት ሴሜ፣ ኢሌላ፣ ማይጋታሪና ምፉም የተባሉት የድንበር መተላለፊያዎች እንዲከፈቱ አዘዘ።

ልብ በሉ፣ ድንበሩ በመዘጋቱ ዛባርማሪና ካንካራ ደረሱ እያልኩ አይደለም። ሁለቱም የናይጄሪያ የውስጥ ቁስሎች ናቸው፤ ድንበሩ ክፍት ሆኖም ሊደርሱ ይችሉ ነበር። የኔ ነጥብ ግን እዚሁ ላይ ነው። አደጋው ከውጭ እየገባ ነው ተብሎ ሠራዊት፣ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን በጋራ ዘመቻ ወደ ኬላዎቹ ተሰልፈው ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ፣ ገዳዩና አጋቹ ከኬላው በስተጀርባ፣ በገጠሩ ውስጥ ነበር። የምግብ ዋጋ ንረትም በዚያው ጊዜ ከ13 በመቶ ገደማ ተነሥቶ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። የዚህን ሁሉ ጥፋት በድንበሩ ላይ ማላከክ አይገባም፤ በመካከሉ ኮቪድ ገብቷል፣ ናይራውም ወድቋል። ሆኖም በድሃ ቤት የምግብ ዋጋ እንዲወደድ የሚያደርግ ርምጃ በፀጥታ ስም ሲወሰድ፣ ፀጥታው በትንሹ መሻሻል ነበረበት።

ለምን እንዳልተሻሻለ ለመረዳት ካርታውን ማየት ይበቃል። ናይጄሪያ ከኒጀር ጋር ብቻ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ትዋሰናለች፤ ከቤኒን ጋር ደግሞ 800 ገደማ። የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በ2013 ሲናገሩ ሕጋዊ መተላለፊያዎቹ 84 ሲሆኑ ሕገ ወጦቹ ከ1,400 እንደሚበልጡ ገልጸው ነበር። መንግሥት «ድንበሩን ዘጋሁ» ሲል የሚዘጋው እነዚያን 84ቱን ነው። የሚቆመውም እነርሱን የሚጠቀመው ሰው ነው፤ ማለትም ወረቀት ያለው፣ ቀረጥ የሚከፍል፣ ሰሌዳው የሚታወቅ፣ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው። ሌላው በፊትም በዚያ አያልፍም ነበር። እንዲያውም እስከ ትናንት በሕጋዊው በር የሚመላለሰው ነጋዴ ቤተሰቡን ማብላት ስላለበት ወደ ጫካው መንገድ ይወርዳል፤ እዚያም ቀረጥ የሚቀበለው ጉምሩክ ሳይሆን መንገዱን የያዘው ታጣቂ ወይም ዓይኑን ለመጨፈን የሚከፈለው ወታደር ይሆናል። መንግሥት ገቢውን ለጠላቱና ለሙሰኛው አስተላልፎ፣ በላዩም መረጃውን ያጣል፤ በኬላ የሚያልፍ ሰው የሚያየውን ይናገራል፣ በጫካ የሚያልፍ ግን ዝም ማለትን ይለምዳል።

ኮንትሮባንዱን ያዳከመው ኬላው አልነበረም

ድንበር መዝጋትን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡት ጠንካራ መከራከሪያ ኮንትሮባንድ ነው። ኮንትሮባንድና ሽብር አንድ መንገድ ይጠቀማሉ፣ አንዱን ማዳከም ሌላውን ማዳከም ነው ይላሉ። ሐሳቡ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ኮንትሮባንድን የሚያዳክመው በሩ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ለአሥርት ዓመታት የናይጄሪያ ነዳጅ በድጎማ ርካሽ ስለነበር ወደ ቤኒን ይጎርፍ ነበር፤ በኮቶኑ መንገዶች ዳር በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ይህ ነዳጅ «ክፓዮ» የሚል የራሱ ስም እስኪያገኝ ድረስ ተለምዷል። ጠረፍ ላይ የተደረገው አሰሳ ሁሉ አልገታውም፤ ከ20 ኪሎ ሜትሩ ክልከላ በኋላም ቀጥሏል። በሜይ 29 ቀን 2023 አዲሱ ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በበዓለ ሢመታቸው ንግግር ድጎማው ማብቃቱን ሲያስታውቁ ግን፣ ከ200 ናይራ በታች የነበረው የሊትር ዋጋ በቀናት ውስጥ ወደ 500 ናይራ አካባቢ ወጣ፤ በቤኒን የክፓዮ ዋጋም ወዲያው ናረ፤ ሰውም ከመንገድ ዳር ነጋዴው ይልቅ በመደበኛው ማደያ መሰለፍ ጀመረ። ይህን ያመጣው ወደ ጠረፍ የተላከ ወታደር አልነበረም።

የድጎማው መነሣት በናይጄሪያ ድሆች ላይ ያደረሰው ጫና ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለክርክራችን የሚጠቅመው፣ ዕቃን ከአገር አገር የሚጎትተው የዋጋ ልዩነት መሆኑ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም። በአገራችንም መንግሥት በ2022 የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ርካሹ ነዳጅ በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገሮች እየወጣ ነው የሚል ነበር። የዋጋውን ጥያቄ በካቢኔ ውስጥ መመለስ ፖለቲካዊ ዋጋ ያስከፍላል፤ ኬላ መዝጋት ግን በዕለቱ የሚያስከፍለው የለም። ለዚህ ይመስለኛል መንግሥታት ሁለተኛውን የሚወዱት።

ኒጀር፦ ጎረቤታሞች ሲኳረፉ

በጁላይ 26 ቀን 2023 ጄኔራል አብዱራህማን ቲያኒ የሚመሩት የኒጀር የፕሬዚዳንት ጥበቃ ክፍል የሚጠብቀውን ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ባዙምን አሰረ። ከአራት ቀን በኋላ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስ፣ አቡጃ ላይ ተሰብስቦ ከኒጀር ጋር ያለውን የየብስና የአየር ድንበር ዘጋ፤ የባንክ ሒሳቦችን አገደ፤ በሳምንት ውስጥ ባዙም ካልተመለሱ ኃይል መጠቀም እንደሚችልም አስጠነቀቀ። ኒጀር ትጠቀመው ከነበረው ኤሌክትሪክ 70 በመቶ ያህሉን ትሸጥላት የነበረችው ናይጄሪያ መስመሩን ቆረጠች። ሰዎችን በነፃነት እንዲዘዋወሩ የሚፈቅድ ፕሮቶኮል በ1979 የፈረመ፣ በአፍሪካ ምናልባት ድንበርን በማቅለል ቀዳሚ የሆነ ማኅበረሰብ ነው ይህን ያደረገው።

«ይህ የፀጥታ ሳይሆን የፖለቲካ ማዕቀብ ነበር፣ በሌላ ሚዛን ይመዘን» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን፣ በራሱ ሚዛን እንመዝነው። ዓላማው ባዙምን ወደ ሥልጣን መመለስ ነበር። ማዕቀቡ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024 ሲነሣ ባዙም እንደታሰሩ ነበሩ። ከዓመት በኋላ፣ በማርች 2025፣ ጄኔራል ቲያኒ ለአምስት ዓመት የሽግግር ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሩዝ የተወደደበት፣ መብራት የጠፋበት፣ መድኃኒት ያጣ የኒያሜ ነዋሪ ቁጣውን ከጄኔራሎቹ ይልቅ በሩን በዘጉት ጎረቤቶች ላይ አወረደ፤ ለጄኔራሎቹም ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። ኒጀር፣ ማሊና ቡርኪና ፋሶ በሴፕቴምበር 2023 የራሳቸውን ጥምረት መሠረቱ፤ በጃኑዋሪ 2025 ከኢኮዋስ ወጡ።

በፀጥታው ሚዛን ደግሞ ውጤቱ የከፋ ነው። በኖቬምበር 2024 የናይጄሪያ መከላከያ፣ ላኩራዋ የሚባል ታጣቂ ቡድን በሶኮቶና በኬቢ ግዛቶች መንቀሳቀስ መጀመሩን አስታወቀ። የሠራዊቱ ቃል አቀባይ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በፊት ሁለቱ አገሮች በጠረፉ ላይ የጋራ ቅኝት ያደርጉ እንደነበር፣ ግንኙነቱ ሲበላሽ ያ እንደቆመ፣ ታጣቂዎቹም በተከፈተው ክፍተት እንደገቡ ተናገሩ። እንግዲህ ይህ የድንበር መዝጋት ተቃዋሚ ቃል አይደለም፤ ድንበሩን የዘጋው መንግሥት ሠራዊት ቃል ነው። ድንበሩ በወረቀት ላይ በተዘጋበት ዘመን በመሬት ላይ ከምንጊዜውም ይልቅ ክፍት ሆነ፤ ምክንያቱም ድንበርን የሚጠብቀው ከግራና ከቀኝ ያሉት የሁለቱ የመቶ አለቆች የስልክ ግንኙነት ነበር፣ እርሱም ተቋረጠ።

ከኒጀርና ከቤኒን መካከል የሆነው ይህንኑ ያጠናክራል። ኢኮዋስ ማዕቀቡን ሲያነሣ ቤኒን በሯን ከፈተች፤ በማላንቪል ትይዩ፣ በጋያ በኩል ያለችው ኒጀር ግን አልከፈተችም። ኒጀር፣ ቤኒን የፈረንሳይ ወታደሮች ታጣቂ የሚያሠለጥኑባቸውን ሰፈሮች ታስጠልላለች የሚል ክስ አቀረበች፤ ቤኒን አስተባበለች። ከአጋዴም እስከ ሴሜ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የነዳጅ ቧንቧ ያገናኛቸው ሁለት አገሮች፣ በ2024 አንዷ በር ስትዘጋ ሌላዋ በአጸፋው ነዳጁ በወደቧ እንዳይጫን ለጊዜው ከለከለች። ድልድዩ ሲዘጋ ነዋሪው የኒጀርን ወንዝ በጀልባ ያቋርጥ ጀመር። ከዚያ በስተ ምዕራብ፣ ኒጀር፣ ቤኒንና ቡርኪና ፋሶ በሚጋሩት የደብልዩ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከአል ቃኢዳ ጋር የተቆራኘው ቡድን ከኩርፊያው ምንም አልተጎዳም። በጃኑዋሪ 2025 በሰሜን ቤኒን ወደ 30 የሚጠጉ ወታደሮችን ገደለ፤ በኤፕሪል 17 ደግሞ 54 ወታደሮች መገደላቸውን የቤኒን መንግሥት አመነ። የመንግሥቱ ቃል አቀባይ ያኔ ያማረሩት በድንበሩ ማዶ አብሮ የሚሠራ ኃይል በማጣታቸው ነበር።

«ታዲያ በሩን ከፍተን እንተኛ?»

የኬንያን ሁኔታ የሚያነሣ ሰው ይኖራል። በኤፕሪል 2015 አልሸባብ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎችን ሲገድል የናይሮቢ መንግሥት ምን ያድርግ ይባላል? ከሶማሊያ ጋር ያለውን ረጅም ድንበር በአጥር ልዝጋ ማለቱ ሰውኛ ነው። ነገር ግን ያ ድንበር ጥቃቱ ሲፈጸም በይፋ ከተዘጋ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከአጥቂዎቹም አንዱ የማንዴራ አካባቢ የመንግሥት ሹም ልጅ፣ በናይሮቢ ሕግ የተማረ ኬንያዊ ሆኖ ተገኘ። አጥሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሠርቶ፣ በፓርላማ ወጪው አጠያይቆ ቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በ2023 ሁለቱ አገሮች ድንበሩን ደረጃ በደረጃ ለመክፈት ተስማምተው ሳለ አዲስ ጥቃት ሲደርስ ኬንያ ዕቅዱን አዘገየችው፤ ማለትም በተዘጋ ድንበር የደረሰ ጥቃት ድንበሩን ዘግቶ ለመቆየት ምክንያት ሆኖ ቀረበ።

ሌላው ተቃውሞ የሉዓላዊነት ነው። አገር በሩን የመዝጋት መብት አለው፤ ይህን የሚክድ የለም። መብት መኖሩ ግን ርምጃው ጥበብ መሆኑን አያሳይም። ጥፋቱን ሁሉ በበርሊን ጉባኤ ላይ የሚጥለውን ክርክርም በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። መስመሮቹን ቅኝ ገዢዎች ማስመራቸው እውነት ነው፤ በካትሲናና በማራዲ የሚኖሩት ሐውሳዎች በሁለት ፓስፖርት የተከፈሉት በዚያ ነው። ነገር ግን የአፍሪካ መሪዎች በ1964 ካይሮ ላይ መስመሮቹን እንዳሉ ለመቀበል ተስማምተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በጠረፍ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂው መስመሩን ያሰመረው ሳይሆን የሚያስተዳድረው ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ስንመጣ፣ በሩን ከፍተን እንተኛ የሚል የለም። አንድ የተወሰነ መተላለፊያ ለተወሰኑ ቀናት፣ ለአንድ ዘመቻ ወይም ለወረርሽኝ ሲባል መዝጋት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። መለያው፣ መዝጊያው ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ የተደረገ ነው ወይስ በጎረቤት ላይ የተደረገ የሚለው ነው። በ2015 መጀመሪያ ቦኮ ሃራም በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ከተሞችን ይዞ መንግሥት አቋቁሜያለሁ ይል ነበር። የቻድና የኒጀር ወታደሮች ድንበር ተሻግረው ገብተው ጋምቦሩና ዳማሳክን አስለቀቁ፤ የናይጄሪያ ሠራዊትም ከሌላ በኩል ገፋ። በወራት ውስጥ ቡድኑ የያዛቸውን ከተሞች አብዛኞቹን አጣ። ለአምስት ዓመት ያልተሳካው ነገር የተሳካው ድንበሩ ለሠራዊቶች ሲከፈት ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ መልክ የተደራጀው፣ መቀመጫውን ንጃሜና ያደረገው የብዙ አገሮች ጥምር ግብረ ኃይል ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ገንዘብ ያጥረዋል፣ አባላቱም አይተማመኑም። በኦክቶበር 2024 በቻድ ሐይቅ 40 የሚሆኑ ወታደሮች የተገደሉባት ቻድ ልወጣ እችላለሁ ብላ ዛተች፤ በማርች 2025 ኒጀር መውጣቷን አስታወቀች። ሆኖም ጎዶሎ ትብብር ከተሟላ ኩርፊያ እንደሚሻል ለማየት ላኩራዋን ማስታወስ ይበቃል።

የጠረፉ ሰውም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው ጥናት ከታጣቂ ቡድኖች አባላት ከነበሩ ሰዎች 71 በመቶው ውሳኔያቸውን የቆረጠው አንድ የመንግሥት ድርጊት፣ በተለይም የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል ወይም መታሰር እንደሆነ ተናግረዋል። አብዛኞቹም ከመሐል አገር ርቀው ያደጉ ናቸው። የጠረፍ ልጅ መንግሥትን የሚያውቀው ከብቱን ሲነዳ በሚያስቆመው፣ የእናቱን የገበያ ዘንቢል በሚፈትሸው፣ ዛሬ ደግሞ ድልድዩን በዘጋው ወታደር በኩል ነው። ታጣቂው በሌላ ወገን መጥቶ «እለፍ» ሲለው፣ ለማን ዝም እንደሚል ለማን እንደሚናገር መገመት አይከብድም። ለዚህ ሰው በር ከመዝጋት መንገድ መክፈት ይሻላል፤ ቡሃሪ ራሳቸው ድንበሩን ከከፈቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ ከካኖ በካትሲናና በጂቢያ አድርጎ እስከ ኒጀሯ ማራዲ የሚዘልቅ፣ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የባቡር መሥመር የመሠረት ድንጋይ አስቀመጡ። ብዙ ናይጄሪያውያን ገንዘባችን ለጎረቤት ለምን ብለው ተችተዋቸዋል። በዚህኛው ግን ትክክል የነበሩት እርሳቸው ይመስሉኛል።

ስለዚህ ወደፊት የትኛውም የአፍሪካ መንግሥት፣ የኛም ቢሆን፣ ለፀጥታ ሲባል ድንበር ተዘግቷል የሚል መግለጫ ሲያወጣ፣ አንባቢ ስለ ገበያው ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ከነገ ጀምሮ በሁለቱ ወገን ያሉ የጠረፍ አዛዦች ይነጋገራሉ ወይስ አይነጋገሩም? የማይነጋገሩ ከሆነ መግለጫው የፀጥታ ርምጃ አይደለም።